ሁለት ጥርስ ያለው ካርቶን

ያለፈው ሐሙስ ጥቅምት 21 ነበር። ለእማዬ ማርያም ናት። ለጅማ ሰው የገበያ ቀን ነው። ሚኒሶታ ለምትኖረው የእህቴ ልጅ ሃሎዊን ነው። ለልጄ ደግሞ የካርቱኑን ስፖንጅቦብ የሆነበት ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ የሰፈር እናቶች ስለ ልብሱ ሲጠይቁኝ ነው የሰነበቱት። ለእያንዳንዱ ከምነግር እንዴት እንደሠራነው በዝርዝር ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

ነገሩ የተጀመረው መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። እህቴ እሁድ እሁድ ማታ በኢሞ ትደውላለች። እሷ ጋ ያን ጊዜ ገና ረፋድ ነው። እኛ ሰላምታ ሳንጨርስ ልጆቹ ስልኩን ይቀሙናል። የሷ ልጅ 7 ዓመቷ ነው፣ የኔው 6። አማርኛዋ ትንሽ ይሰባበራል፤ ከሱ ጋር ስታወራ ግን ቃል አያጥራትም። የዚያን ቀን "ለሃሎዊን ስፖንጅቦብ ነው የምሆነው" አለችው። ልጄ ሃሎዊን የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም። ስፖንጅቦብን ግን አሳምሮ ያውቀዋል። "እኔም እሆናለሁ" አለ። በቃ፣ ነገሩ አለቀ።

እህቴ ስልኩን ስትቀበል ድምጿ ደከም ብሎ ነበር። የማታ ፈረቃ ነው የምትሠራው። "ሱቅ ውስጥ ተሰፍቶ ይሸጣል። ግን ስስ ጨርቅ ነው፣ እንደ ፒጃማ ይንጠለጠላል። እሷ ደግሞ አራት ማዕዘን ካልሆነ አልለብስም ብላለች" አለችኝ። ቀጠል አድርጋም "የአንቺ እጅ ለወረቀት ይቀናዋል፣ እስቲ አሳዪኝ" አለች። እኔ ዩኒቨርሲቲው በር አካባቢ ትንሽ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለችኝ። ወረቀት ስቆርጥና ስለጥፍ ነው የምውለው። ተስማማን። እኔ ጅማ ላይ ቀድሜ እሠራለሁ፤ የሠራሁትን ሁሉ ፎቶ እያነሳሁ እልካለሁ፤ እሷ እዚያ ትከተለኛለች።

መጀመሪያ ግን እማዬን ማነጋገር ነበረብኝ። አብረን ነው የምንኖረው። ቤቱም የሷ ነው።

ቡና እየቆላች ነበር። "የአጋንንት በዓል ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ደግሞ በማርያም ቀን!" አለችኝ። እናቴን በክርክር ማድከም አልወድም። የማውቀውን ብቻ ነገርኳት። ሃሎዊን ማለት በመሠረቱ የዋዜማ ስም ነው። የምዕራብ ክርስቲያኖች በነሱ አቆጣጠር ኖቬምበር 1 የቅዱሳን ሁሉ በዓል አላቸው። ኦክቶበር 31 ማታ የዚያ ዋዜማ ነው። ከዚያም በፊት አየርላንድና ስኮትላንድ ውስጥ አዝመራው አልቆ ብርዱ ሲገባ የሚከበር ሳውን የሚባል የጥንት በዓል ነበር። ያን ሌሊት የሙታን መናፍስት ይዞራሉ ብለው ያምኑ ስለነበር እሳት ያነዱ ነበር። የመናፍስቱ ወሬ የመጣው ከዚያ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አየርላንዶች ወደ አሜሪካ ሲሰደዱ ልማዱን ይዘውት ሄዱ። አገራቸው ሳሉ እንደ ድንች ያለ አንድ ሥራ ሥር ፈልፍለው፣ ፊት ቀርጸውበት፣ መብራት ያደርጉት ነበር። አሜሪካ ሲደርሱ ዱባ አገኙ።

እማዬ ምጣዱን ማማሰል አቆመች። "ዱባውን ቀርጸው ይጥሉታል?" አለች። ከአጋንንቱ ይልቅ የዱባው ነገር ነው የከነከናት።

ከዚያ ስለ ቡሄ አወራን። ልጄ ባለፈው ነሐሴ 12 ማታ ከሰፈር ልጆች ጋር ወጥቶ ነበር። ዱላውን መሬት ላይ እየመታ፣ ሆያ ሆዬ እያለ፣ በር ለበር ዞሮ ሙልሙልና ብር ይዞ ገባ። አዲስ ዓመት ሲመጣ ሴቶቹ አበባዮሽ ይላሉ። እዚያም ልጆቹ ልብስ ለውጠው በር ያንኳኳሉ፣ ከረሜላ ይሰጣቸዋል። እማዬ ዝም ብላ ሰማችኝ። "የሚያስፈራ ነገር እንዳታለብሺው። ሌላውን እንደ ፍጥርጥርሽ" አለችና ወደ ቡናዋ ተመለሰች። ስለ ሃሎዊን ያላት ሐሳብ አልተለወጠም። ይህንን ፈቃድ ግን ሰጠችኝ። ለእኔ በቂ ነበር።

አሁን ወደ ልብሱ ልግባ።

ከሁሉ በፊት ያደረግሁት አንድ ነገር አለ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህንን ያዙልኝ። ልጄን ዓይንህን ጨፍን አልኩት። "ስፖንጅቦብ ምን ይመስላል? ንገረኝ።" ዓይኑን ጨፍኖ እንዲህ አለ፦ "ቢጫ ነው። ሁለት ጥርስ አለው። ዓይኑ ትልቅ ነው።" ከዚያ ዝም አለ። ልብሱስ ስለው ነው ክራቫቱንና ቁምጣውን የጠቀሰው። ስለ ካልሲው ጭራሽ አላነሳም። ልጅ ሲያስታውስ በሚጠራው ቅደም ተከተል ነው መልፋት ያለባችሁ። ለቢጫው፣ ለጥርሱና ለዓይኑ ጊዜዬን ሰጠሁ። ሌላውን ቶሎ ቶሎ ጨረስኩት። ሰው ሁሉ ገና ሲያየው ማን እንደሆነ ያወቀው በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህ የሚሠራው ካርቱን ራሱ የተሠራው እንደዚያ ስለሆነ ነው። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ያልፋል። ድሮ ይህንን ሁሉ በእጅ የሚሥሉት ሰዎች ነበሩ። ለአንድ አጭር ፊልም በሺህ የሚቆጠር ሥዕል ያስፈልጋል። ስለዚህ ገጸ ባሕሪው በጥቂት መስመር የሚያልቅ፣ ግን ከሩቅ የሚለይ እንዲሆን አድርገው ነው የሚፈጥሩት። ሚኪ ማውስን አስቡት። ከ1928 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሦስት ክብ ነው፤ አንድ ራስ፣ ሁለት ጆሮ። ጆሮው ወደየትም ቢዞር ክብ ሆኖ ነው የሚሣለው። ሁለት ክብ ካርቶን ጥቁር ቀብታችሁ የፀጉር ማስያዣ ላይ ብትለጥፉ ልጃችሁ ሚኪ ነው። ሌላ ምንም አያስፈልገውም።

ስፖንጅቦብ ደግሞ ከዚህም ይቀላል፣ ሳጥን ነው። ልጄ ግን አንድ ጥያቄ ነበረው። እኛ አገር ስፖንጅ ፍራሽ ነው። "ፍራሽ ነው እንዴ?" አለኝ። አይደለም፣ ስፖንጅ ባሕር ውስጥ የሚኖር እንስሳ ነው አልኩት። አላመነኝም። ልጄ ባሕር አይቶ አያውቅም። የሚያውቀው የውሃ እንስሳ ጅማ አጠገብ ያለውን የቦዬ ረግረግ ጉማሬ ነው። እውነተኛው የባሕር ስፖንጅ ዓይን የለውም፣ አፍም የለውም። አንድ ቦታ ተጣብቆ ይቀመጥና በቀዳዳዎቹ ውሃ እያስገባ የሚበላውን ያጣራል። ስፖንጅቦብን የፈጠረው ስቲቨን ሂለንበርግ ስለ ባሕር ፍጥረታት ያስተምር የነበረ ሰው ነው። መጀመሪያ የሣለው እንደ እውነተኛው ስፖንጅ ቅርጹ ድብልብል ያለ ነበር። በኋላ ነው እንደ ዕቃ ማጠቢያው ስፖንጅ አራት ማዕዘን ያደረገው። በ1999 እ.ኤ.አ. በቴሌቪዥን መታየት ሲጀምር በዚያው ቅርጹ ነበር። ይህንን ሁሉ ስነግረው ልጄ በጥሞና ሰማኝና "ታዲያ አፍ ከሌለው ጥርሱ ከየት መጣ?" አለኝ።

ጥርስ ጥርስ የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም። የራሱ ሁለቱ የፊት ጥርሶች መስከረም ላይ ነው የወለቁት። አንዱን ከሱ ጋር ሆነን ጣራ ላይ ወርውረነዋል። አሁን ሲስቅ መሐሉ ባዶ ነው።

ካርቶኑን ከአንድ ባለ ሱቅ በ30 ብር ገዛሁ። የሶፍት ካርቶን ነው። ስትመርጡ እሱን ፈልጉ። ሶፍት ቀላል ስለሆነ ካርቶኑ ትልቅ ሆኖ አይከብድም። የዘይት ካርቶን ጠንካራ ነው ግን ያንሳል። የቴሌቪዥን ካርቶን ሰፊ ነው ግን ስስ ነው፣ ሰው አይገባበትም። ሌላው የማየው ነገር ሽንሽኑን ነው። የካርቶኑን ጠርዝ ስታዩ በሁለቱ ወረቀት መሐል የተሸነሸነ ወረቀት አለ። ያ ሽንሽን ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ከሆነ ሳጥኑ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ወደ ጎን ከሆነ ልጁ ሁለቴ ሲቀመጥ ይታጠፋል።

ለእኛ ልጅ የሆነው ልክ ይህ ነው። ቁመቱ 50 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ 45፣ ጥልቀቱ 25። ከትከሻው ተነስቶ ከጉልበቱ በላይ ያልቃል። ከጉልበት በታች ከወረደ ልጅ ደረጃ መውጣት አይችልም። የአንገቱን ቀዳዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ 22 ሴንቲ ሜትር አደረግሁት፤ ጠባብ መስሎ ከታያችሁ ትክክል ነው፣ ራሱ ካለፈ ይበቃል። የክንዱ ቀዳዳ ላይ ግን ተሳስቼ ነበር። ልጄን እጁን አንጠልጥሎ አቁሜ ለካሁት። ቀዳዳውን ቆርጬ ሳለብሰው እጁን ማንሳት አቃተው። ክንድ የሚለካው እጅ ወደ ላይ ተነስቶ ነው። ለእህቴ ይህንን በቀይ ጽፌ ላክሁላት።

የእህቴ ልክ ሌላ ነው። እኛ "በጥቅምት አንድ አጥንት" ብለን የምናማርረው ብርድ እዚያ ካለው ጋር አይወዳደርም። እህቴ ያየችው ባይሆንም የነገሯት ታሪክ አለ። በ1991 እ.ኤ.አ. ልክ በሃሎዊን ቀን የጀመረ የበረዶ ውሽንፍር ሚኒያፖሊስን ከ70 ሴንቲ ሜትር በላይ በሆነ በረዶ ሸፍኗታል። ስለዚህ እዚያ ማንኛውም የሃሎዊን ልብስ ከወፍራም ጃኬት በላይ መልበስ የሚችል መሆን አለበት። የሷን ሳጥን ጥልቀቱን 35 አደረግነው። የክንዱንም ቀዳዳ አሰፋነው።

እሷ ብርዱን ስታስብ እኔ ዝናቡን ረሳሁት። የጅማ ዝናብ ጥቅምት ገባ ብሎ አያቆምም። ካርቶኑን ቆርጬ፣ ነጭ ቀለም ቀብቼ፣ ይድረቅ ብዬ በረንዳ ላይ ተውኩት። ሱቅ ውዬ ስመለስ ዝናቡ ከንፋስ ጋር ገብቶ ግማሹን አርሶታል። ታችኛው ክፍል ሲይዙት እንደ ራሰ ዳቦ ይለቃል። ልጄ አላለቀሰም። ካርቶኑን በሁለት ጣቱ ነካ አደረገና "እንደገና እንሠራለን?" አለኝ። የቀረን አራት ቀን ነበር። በማግሥቱ ሌላ ካርቶን ገዛሁና ሳሎን ውስጥ ሶፋውን ገፍተን ሠራን። እማዬ ሶፋዋ ሲገፋ አትወድም። የዚያን ቀን ግን ምንም አላለችም።

ቀለሙ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። ካርቶን ቡናማ ስለሆነ ቢጫው በቀጥታ ከተቀባ ይደበዝዛል፣ የታመመ ቢጫ ይሆናል። መጀመሪያ ነጭ ፕላስቲክ ቀለም ቀቡት። እኛ የቤት ግድግዳ ሲቀባ የተረፈ ነበረን። ሁለተኛው፣ ካርቶን በአንድ በኩል ብቻ ሲቀባ ሲደርቅ እንደ ኮርቻ ይጎብጣል። የእኛም ጎበጠ። ውስጡንም በስሱ ነጭ ስቀባው ቀጥ አለ። ቢጫውን ለመምረጥ ልጄ የዘይት ጀሪካን ክዳን ይዞ ቀለም ቤት ሄደ። "እንደዚህ" ብሎ ክዳኑን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው። ትንሿን ጣሳ ገዛን፣ ተረፈን።

የስፖንጁ ቀዳዳዎች የሚሠሩት በስፖንጅ ነው። ከአሮጌ ፍራሽ ላይ እፍኝ የምታህል ቆረጥን። ቢጫው ላይ ትንሽ አረንጓዴና ቡናማ ጨምረን ጠቆር ያለ ቀለም በጠበጥን። ስፖንጁን ነከር፣ ወረቀት ላይ ጠብ ጠብ፣ ከዚያ ካርቶኑ ላይ ተጫን። ሲነሳ ራሱ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ክብ ይቀራል። ይህንን ሙሉ በሙሉ ለልጄ ተውኩለት። ጥግ ጥጉ ላይ ትልልቅ፣ ወደ መሐል ትንንሽ አደረገ። እኔ እንዲህ አድርግ አላልኩትም።

ዓይኑን በቤት ዕቃ ነው የሠራነው። ነጩን ክብ በሻይ ሰሃን ዞርን። ሰማያዊውን በስኒ አፍ። ጥቁሩን በአንድ ብር ሳንቲም። ሁለቱ ዓይኖች መነካካት አለባቸው፤ ከተራራቁ ሌላ ሰው ይሆናል። በእያንዳንዱ ዓይን ላይ ሦስት ሽፋሽፍት በማርከር። ጉንጩ ላይ ሦስት ሦስት ነጥብ። አፉ ረጅም ፈገግታ ነው፣ ከጉንጭ እስከ ጉንጭ።

ጥርሱ ላይ ቆም ልበል።

መጀመሪያ ነጭ ወረቀት በአራት ማዕዘን ቆርጬ በኮላ ለጠፍኩ። ልጄ አየውና "ይሄ ጥርስ አይደለም" አለኝ። እውነቱን ነው። የተሣለ እንጂ የበቀለ አይመስልም። ከካርቶኑ ትርፍራፊ ሁለት ቆረጥኩ። እያንዳንዱ ጥርስ 5 ሴንቲ ሜትር በ5 ነው። ግን ስቆርጠው ከላይ በኩል ሌላ 3 ሴንቲ ሜትር ጭራ ተውኩለት። ጥርሱን በነጭ ወረቀት ሸፈንኩት፣ ጭራውን አልሸፈንኩትም። ከዚያ ከፈገግታው መስመር ሥር በካተር ሁለት ስንጥቅ አወጣሁ። ስንጥቁ ከጭራው ወርድ ትንሽ ጠበብ ይበል። ጭራው በግድ ሲገባ ነው የሚይዘው። ጭራውን ከውጭ ወደ ውስጥ ሰደድኩት። ውስጥ በኩል ወደ ላይ አጠፍኩትና በሰፊው ፕላስተር አሸግሁት። ጥርሱ አሁን ከካርቶኑ ወጣ ብሎ ተንጠለጠለ። በጣት ብትመቱት ይወዛወዛል እንጂ አይወድቅም። በሁለቱ ጥርስ መሐል አንድ ጣት የሚያህል ክፍተት ተውን። ልጄ ክፍተቱን በጣቱ ለካ። ከዚያ ጣቱን ወደ ራሱ አፍ ወስዶ የራሱንም ለካ።

ካተሩን እሱ አልነካም። ይህንን ለሁሉም እናት እላለሁ። መሣል፣ መቀባት፣ መለጠፍ የልጅ ነው፤ ስለት የትልቅ ሰው ነው።

ክራቫቱን የሰፉልን እዚሁ ጅማ መርካቶ በረንዳ ላይ በሲንጀር የሚሠሩ አንድ አዛውንት ናቸው። ሁሌም ሱሪ የማሳጥረው እሳቸው ጋ ነው። "ኦቦ፣ ቀይ ብጣሽ ጨርቅ ይኖርዎታል?" አልኳቸው። ለምን እንደሆነ ጠየቁኝ። በስልኬ ሥዕሉን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት። "ሱሪ ለብሷል፣ ክራቫት አስሯል፣ ጨዋ ነው" አሉ። ከእግራቸው ሥር ካለው ማዳበሪያ ቀይ ሳቲን አወጡና እዚያው ሰፉት። ገንዘብ ስሰጣቸው እጄን መለሱት። "ለልጅ ጨዋታ አልቀበልም" አሉኝ። ገለቶማ ብዬ አመሰገንኳቸው።

ሌላውን በአጭሩ። ከሳጥኑ ታችኛው ሦስተኛ ክፍል ላይ ጠባብ ነጭ ለሸሚዙ፣ ከሥሩ ቡናማ ለቁምጣው፣ ቁምጣው ላይ ጥቁር ሰረዝ ሰረዝ ለቀበቶው። ነጭ ቲሸርት፣ ነጭ ረጅም ካልሲ ከላዩ አንድ ሰማያዊ አንድ ቀይ መስመር ያለው፣ የትምህርት ቤቱ ጥቁር ጫማ። ከውስጥ የአሮጌ ቦርሳ ማንገቻ አሰርኩ፤ ክብደቱ ትከሻ ላይ እንዲያርፍ። የአንገቱን ጠርዝ በዚያው በፍራሹ ስፖንጅ ሸፈንኩት፤ ካርቶን አንገት ይልጣል። ፊቱን አልሸፈንኩም፤ የልጅ ዓይን የሚጋርድ ልብስ እኔ አልሠራም። ለእህቴ አንድ ነገር ጨመርንላት። እዚያ ልጆቹ የሚወጡት ሲመሽ ነው፣ መኪናም አለ። ከሳጥኑ ጀርባና ጎን ላይ መብራት ሲያርፍበት የሚያበራ ፕላስተር ለጠፈች። ዱባ ውስጥ ሻማ ያለበት በር ጋ ስትደርስም ራቅ ብላ እንድትቆም ነገረቻት። ቀለም የተቀባ ካርቶን ከእሳት ጋር አይጫወትም።

ሐሙስ ደረሰ። በእነሱ ማታ 12 ሰዓት ማለት በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ልጄ የሚተኛበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ተቀጣጠርን። እዚያ ጠዋት ነው፣ እህቴ ከሥራ ገብታለች፣ ልጅቷ ገና ትምህርት ቤት አልሄደችም። እማዬ የማርያምን ቡና አፍልታ ጎረቤቶቿን ጠርታለች። ፈንዲሻ ተበትኗል። ልጄ ከመኝታ ቤት ሲወጣ በሩ ጠበበውና በጎን ገባ። አንዲት ሕፃን ልጅ ከእናቷ ጭን ላይ ሆና "ስፖንጅቦብ!" ብላ ጮኸች። ገና ሦስት ዓመቷ ነው። ጎረቤቶቹ ማንነቱን አያውቁትም ግን ሳቁ። እማዬ ፈንዲሻ በእጇ ዘግና አፉ ውስጥ አደረገችለት፤ እጆቹ ከሳጥኑ ወጥተው አፉ ጋ አይደርሱም ነበር።

ኔትወርኩ ሁለቴ ቆረጠ። በሦስተኛው ልጅቷ ታየችን። ሰማያዊ ጃኬት፣ ከላዩ ቢጫ ሳጥን። ዓይኖቿን በትልቅ ሰሃን ነው የሠሩት፣ የእሷ ከእኛ ይበልጣል። ያምራል። ግን አንድ ጥርስ የላትም። "ወደቀ" አለች። ትናንት ማታ ለሙከራ ውጭ ወጥተው ነበር። ያለ ጭራ፣ በፕላስተር ብቻ ነው የለጠፉት። በብርድ ፕላስተር አይዝም። እህቴ የላክሁላትን የጭራውን ፎቶ አላየችውም፤ ከሥራ መጥታ በድካም አልፋዋለች። ልጅቷ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ልጄ ስልኩን ከእጄ ወሰደ። "አውልቂው" አላት። እሱም የራሱን ሳጥን እንዳወልቅለት ጠየቀኝ። ሳጥኑን ገልብጦ ውስጡን ለካሜራው አሳያት። "ይኸው ጭራው። በስንጥቁ ይገባል። ከዚያ ታጥፊዋለሽ።" ጣቱ የታጠፈውን ጭራ እየነካ ነው የሚያወራው። "ስንጥቁን አንቺ አይደለሽም የምትቆርጪው፣ እናትሽ ናት።" ልጅቷ ጭራ የሚለውን ቃል አላወቀችውም። እሱ ዘወር አለና የድመቷን ጭራ አሳያት። ገባት። እህቴ ከጀርባዋ ሆና መቀስ ስትፈልግ ይሰማኛል። ከዚያ ኔትወርኩ ለሦስተኛ ጊዜ ተቆረጠ፤ ጥርሱ ይግባ አይግባ ሳናይ ቀረን።

ማታ ሲተኛ ሳጥኑን አልጋው አጠገብ አቆመው። ዝናብ ጀምሮ ነበር። "እዚያም ይዘንባል?" አለኝ። አላውቅም አልኩት።

ዓርብ ጠዋት ስነሳ ፎቶ ገብቷል። ጨለማ ነው። የአንድ ቤት በር ላይ መብራት አለ። ልጅቷ የከረሜላ ባልዲዋን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች፣ ጃኬቷ እስከ አገጯ ተቆልፏል። ልጄን ከእንቅልፉ ቀሰቀስኩትና ስልኩን ሰጠሁት። በሁለት ጣቱ ፎቶውን አጎላው። ከረሜላውን አላየም፣ ቤቱንም አላየም። ፎቶውን የሳጥኑ አፍ ጋ ጎትቶ አቆመውና ቆጠረ።

"ሁለቱም አሉ" አለኝ።